የነዳጅ መቈጣጠሪያ ሣጥን በመኪና ላይ መጨመር ይጠቅማልን?

ቀድሞ የአንድ ቤተ ሰብ ክብር በበቅሎው ይታወቅ ነበር። በቅሎዪቱ በዳገት የለገመች እንደ ሆነ ባለቤቷ ገብስ ይጨምርላታል፤ ኮቴዋን ያያል፤ ጀርባዋ ገጣባ ያወጣ እንደ ሆነም ኮርቻውን አንሥቶ ያሳርፋታል። አንዳንዶች በአንገቷ ክታብ ማንጠልጠላቸው አልቀረም፤ ነገር ግን ክታብ አሰርንላት ብለው ገብሱን አላስቀሩባትም። ዛሬ በበቅሎዪቱ ስፍራ መኪና ቆማለች። መኪናም በዳገት ስትለግም የሚንጠለጠልባት ነገር በገበያ ሞልቷል፤ ከነዚህም ውስጥ ብዙ የሚወራለት የነዳጅ መቈጣጠሪያ የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው።

ከኒሯቅ ወደ ሰቆጣ ለሥራ የሚመላለሱ አንድ የቤተ ሰብ አባት ስለዚሁ ሣጥን ጠይቀውናል። ያላቸው አሮጌ የቤንዚን መኪና ናት። ወደ ሰቆጣ ስትወጣ ትደክማለች፤ ቤንዚንም ትጨርሳለች። ትልቁ ልጃቸው፥ «አባዬ፥ ይህን ሣጥን ብናስገባላት ዳገቱን እንደ ሜዳ ትወጣዋለች፤ ቤንዚኑም ይቀንስልናል» ይላቸዋል። ባለቤታቸው ደግሞ፥ «ገንዘቡ ለልጆቹ ትምህርት የተቀመጠ ነው፤ አይነካም» ይላሉ። ጠያቂያችን በሁለቱ መካከል ሆነው ፍርድ ይሻሉ። ፍርዱን በመጀመሪያ እንናገርና ምክንያቱን ወደ ኋላ እንዘርዝር፤ በእንዲህ ያለ ነገር አንባቢን በጥርጣሬ ማቈየት ደግ አይደለምና። ሞተሯ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ላለ፥ ምንም ነገር ላልተለወጠባት የቤት መኪና ሣጥኑ ገንዘብ ማባከን ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከማባከን የከፋ ነው። እመቤቲቱ ረትተዋል። ልጁም ቢሆን በአንድ ነገር እውነት አለው፤ መኪናዪቱ በዳገት መድከሟ ሐሰት አይደለም፤ ምክንያትም አለው።

የማናቸውም የቤንዚን ሞተር ሥራ እሳት ማንደድ ነው። እሳት ደግሞ ያለ አየር አይነድም። በወጥ ቤት ውስጥ ይህ ነገር በየቀኑ ይታያል፤ የጋዝ ምድጃ አየር በልኩ ሲያገኝ ነበልባሉ ሰማያዊ ይሆናል፤ አየር ሲያጥረው ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ያጠቍራል። በሞተርም እንዲሁ ነው። ሊቃውንቱ እንደ መዘኑት አንድ ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይሻል። ቤንዚኑ ከዚህ ልክ ሲበዛ ድብልቁ ይወፍራል፤ ጢሱ ይጠቍራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ገንዘብም በማርሚታ በኩል ይወጣል። ቤንዚኑ ሲያንስ ደግሞ ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩም በሸክም ጊዜ ከልክ በላይ ይግላል። ሞተሩ ያለውን ኃይል ሁሉ እንዲሰጥ በተፈለገ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 12 ወይም 13 ኪሎ ያህል አየር እንዲደርሰው ተደርጎ ድብልቁ ጥቂት ይወፍራል። የመቈጣጠሪያው ሣጥን ሥራ ይህን ልክ ከፍና ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። አየር አይጨምርም። አንባቢው ይህን አጥብቆ ይያዝልን፤ የነገሩ ቍልፍ ይኸው ነውና።

የአገራችን ደጋ የሚጐድለው አየር ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,250 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩም በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ጠረፍ የ100 ፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር ሰቆጣ ሲደርስ 80 ያህል ብቻ ይቀረዋል። አዲስ አበባም ከሰቆጣ ጥቂት ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአዲስ አበባ ሰው ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም፤ ነገር ግን እርሱ እንደ ዋግ ሰው በየጊዜው ከተከዜ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ላይ አይወጣም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ያቈረው ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ቆላ ተነሥቶ ሰቆጣ የሚደርስ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። በወጣ ቍጥር ሸክሙ ሳይቀንስ ትንፋሹ እያጠረ ይሄዳል። ይህን የጐደለ አየር ቤንዚን በመጨመር አይተኩትም፤ የሚተካው አየርን አምቆ የሚያስገባ እንደ ቱርቦ ያለ መሣሪያ ነው።

ወደ አገራችን ከገቡት የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አንዷን፥ ሲድሌይ የምትባለውን፥ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ጠረፍ አንሥቶ በብዙ ድካም ለዳግማዊ ምኒልክ ማድረሱ በታሪክ ይታወቃል። ያ ዘመን የካርቡራቶር ዘመን ነው። ካርቡራቶር ማለት አየሩ ሲያልፍ በጠባብ ቀዳዳ ቤንዚን የሚያስብ ዕቃ ነው፤ ከፍታን አያውቅም። አየሩ በሳሳ ጊዜ ቤንዚኑ በዚያው መጠን አይቀንስም፤ በሒሳብ ቢታይ በሰቆጣ ከፍታ ድብልቁ 12 ከመቶ ያህል ይወፍራል። በባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር በደጋ የሚያጨሰውና ቤንዚን የሚበላው ስለዚህ ነው። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች፥ አሮጌዎቹ ቮልስዋገኖች፥ በየከተማው ከሚሽከረከሩት ባጃጆችም ብዙዎቹ ከዚሁ ወገን ናቸው። ለእነዚህ መድኃኒቱ ቤንዚን የሚወጣባትን ቀዳዳ በምታንስ መለወጥና የካርቡራቶሩን ብሎን በዐዋቂ እጅ ማስተካከል ነው። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውጤቱም በዚያው ቀን ይታያል። መኪናውን ይዞ በቆላ ሊቀመጥ የሚወርድ ሰው ግን የቀድሞዋን ቀዳዳ መመለስ አይርሳ፤ የደጋዋ ቀዳዳ በቆላ ቤንዚን ታሳንሳለችና።

ቤንዚን በመርጫ የሚረጭላቸው መኪናዎች ነገር ሌላ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1967 ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በኤሌክትሪክ የሚታዘዘውን መርጫ በቮልስዋገን መኪና ላይ አዋለ፤ በ1976 ደግሞ ከሚወጣው ጢስ ውስጥ የተረፈውን ኦክሲጅን የሚለይ ሴንሰር በቮልቮ መኪና ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሞተር ነገር እንደ ችሎት ሆነ። ዕድሜውን በችሎት መዝገብ ላይ ላሳለፈ ጸሓፊ ምሳሌው ይቀርበዋልና ይፈቀድልን። ዳኛው ኮምፒዩተሩ ነው። የመጀመሪያው ምስክር ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመዝነው ሴንሰር ነው፤ «ይህን ያህል አየር ገብቷል» ብሎ ይመሰክራል፤ ዳኛውም በዚያ ልክ ቤንዚን ይፈርዳል። ሁለተኛው ምስክር በማርሚታ መንገድ ላይ የተቀመጠው የኦክሲጅን ሴንሰር ነው፤ እርሱም ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ ኦክሲጅን መትረፍ አለመትረፉን ይናገራል። ዳኛው ይህን ሰምቶ ፍርዱን በየቅጽበቱ ያርማል፤ ያረመውንም በመዝገቡ ጽፎ ለነገ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለች መኪና ከተከዜ ወደ ሰቆጣ ስትወጣ የአየሩን መሳሳት የሚነግራት ሌላ ሰው አያሻትም። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 ከመቶ፥ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 ከመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ በተጀመረ ጊዜ፥ ኤታኖል ለመንደድ የሚሻው አየር የክብደቱን 9 እጥፍ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ኮምፒዩተር ያላቸው መኪናዎች ልዩነቱን በዚሁ መንገድ ራሳቸው ማረም የሚችሉ ነበሩ።

እንግዲህ ሣጥኑ ምን ያደርጋል ቢሉ፥ በመጀመሪያው ምስክርና በዳኛው መካከል ይቆማል። የሴንሰሩ ገመድ ይቈረጥና በሣጥኑ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። አፔክሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ሱፐር ኤ ኤፍ ሲ» ብሎ ያወጣው የታወቀ ሣጥን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ምስክሩ «ዐሥር እጅ አየር ገባ» ሲል ሣጥኑ «ዘጠኝ እጅ ገባ» ብሎ ለዳኛው ያደርሳል፤ ዳኛውም ያነሰ ቤንዚን ይፈርዳል። የምስክርን ቃል በመንገድ ላይ የሚለውጥ ሰው በችሎት ምን ተብሎ እንደሚጠራ አንባቢዎቻችን አያጡትም። ይሁን እንጂ መኪናዪቱ በዝግታ በምትነዳበት ጊዜ ሁለተኛው ምስክር አለ። ቤንዚኑ ማነሱን ይናገራል፤ ዳኛውም ሣጥኑ የቀነሰውን መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ሰው ሣጥኑን ባስገባ ሰሞን የቤንዚን መቀነስ ያየ ቢመስለው እንኳ ኮምፒዩተሩ ቀስ በቀስ ተምሮ ያፈርሰዋል። ቤንዚን ይቈጥባል ተብሎ የተገዛው ዕቃ አብዛኛውን መንገድ ሥራ ፈት ሆኖ ይጓዛል።

ሥራ የሚያገኘው ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ሁለተኛውን ምስክር መስማት ትተው አስቀድሞ በተጻፈላቸው ሠንጠረዥ ብቻ ይፈርዳሉ። አደጋውም ከዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ከመጀመሪያው ምስክር ቃል ተነሥቶ የሚወስነው የቤንዚኑን መጠን ብቻ አይደለም፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትንም ቅጽበት በዚያው ቃል ይወስናል። አየሩ ጥቂት ነው ተብሎ ሲነገረው ሞተሩ ቀላል ሸክም የያዘ ይመስለዋልና እሳቱን ቀደም አድርጎ ይለኵሳል። ስለዚህ ሁለት ክፉ ነገር በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፥ እሳቱም ያለ ጊዜው ይቀድማል። ከዚህ የሚመጣው በሞተሩ ውስጥ ብረት በብረት ላይ እንደሚመታ ያለ መንኳኳት ነው፤ ሲቈይ ፒስተን ያበሳል፥ ቫልቭም ያቃጥላል። በደጋ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ መንኳኳቱ ላይሰማ ይችላል፤ ሻጩም በሰቆጣ ሜዳ ላይ ሞክሮ «ይኸው ደኅና ናት» ሊል ይችላል። ያችው መኪና ወደ ቆላ ወርዳ ሙቀት ያለውን ብዙ አየር ስትስብ፥ ተጭናም ወደ ላይ ስትመለስ ነገሩ ይገለጣል።

ይህን ስንጽፍ የምናስበው ስለ ብረት ብቻ አይደለም። በቆላው ወረዳ አንዲት ሴት በሌሊት ምጥ ቢጠናባትና አምቡላንስ ቢዘገይ፥ ሰቆጣ ወዳለው ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚያደርሳት የጎረቤት መኪና ነው። በዳገቱ መካከል፥ በጨለማ፥ ሞተሩ ቢቆም በዚያ ሰዓት መካኒክ ከየት ይመጣል? ወጣቱ ጥቂት የፈረስ ጕልበት አገኛለሁ ብሎ ለሻጩ የሚያስይዘው መያዣ ይህ ነው። ወጣቱን አንነቅፈውም፤ የአባቱን መኪና ማሻሻል መሻቱ ፍቅር ነው፤ የተነገረው ነገር ግን ጐደሎ ነበረ።

ለመንግሥት ሥራ የሚውሉት ፒክአፖችና ላንድ ክሩዘሮች አብዛኞቹ የናፍጣ ስለ ሆኑ ስለ እነርሱም ጥቂት እንበል። ቱርቦ የሌለው አሮጌው የናፍጣ ላንድ ክሩዘር ናፍጣውን የሚያገኘው በብረት ፓምፕ ነው፤ ሣጥኑ የሚያታልለው ኮምፒዩተር የለም። በደጋ ጥቍር ጢስ የሚያወጣ እንደ ሆነ ፓምፑ የሚሰጠው ናፍጣ ከሚገባው አየር ስለ በለጠ ነውና የናፍጣ ፓምፕ ባለሙያ ዘንድ ወስዶ ማስቀነስ ይገባል፤ አንዳንዱ ፓምፕም ከፍታን የሚያርም የራሱ መሣሪያ አለው። ቱርቦና ኮምፒዩተር ባላቸው በአዲሶቹ ላይ ግን ሣጥኑ ሌላ ሐሰት ይናገራል፤ በናፍጣው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ነው ይላል፤ ኮምፒዩተሩም ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ብዙ ናፍጣ ይገባል። እዚህ ላይ ኃይል ይጨምራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ቱርቦ በደጋ የሳሳውን አየር ለማካካስ ከቆላው ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይሽከረከራል። ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ከፍታው ሲጨምር ናፍጣው እንዲቀንስ ኮምፒዩተሩን ያዝዙታል። ሣጥኑ ያንን ጥንቃቄ ያፈርሳል፤ የተረፈው ሙቀትም በቱርቦውና በፒስተኑ ላይ ይወድቃል። በንብረት መዝገብ ያልተጻፈ ዕቃ በመንግሥት መኪና ላይ ማስገባት የሚያመጣው ሌላ ጥያቄም አለ፤ እርሱን ለሚመለከታቸው እንተወዋለን።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ የባሰ አለ። መካኒክ የመኪናን ሕመም በሚያነብበት መሰኪያ ላይ የሚሰኩ፥ «ነዳጅ ቈጣቢ» ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ ዕቃዎች አሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ተከፍተው በታዩ ጊዜ ብልጭ ድርግም ከሚሉ መብራቶች በቀር ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገር ምንም ነገር አልተገኘባቸውም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ይቈጥባሉ የተባሉ ከ100 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ዕቃዎችን መርምሮ ጥቅም ያገኘባቸው ጥቂቶችን ብቻ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ጥቅማቸው አነስተኛ ነበረ። ለእንዲህ ያለው ዕቃ ከላይ ያነሣነው ክታብ የሚለው ስም ሳይበዛበት ይስማማዋል።

በዚያው አገር መንግሥት ጽሑፍ የተነገረው ሌላው ነገር ለቤተ ሰብ እጅግ የሚጠቅም ነው። የኦክሲጅን ሴንሰሩ የተበላሸባትን መኪና ማሳደስ ብቻ የነዳጅ ጕዞዋን እስከ 40 ከመቶ ሊያሻሽል ይችላል ይላል። ሁለተኛው ምስክር ሞቶ ሳለ ዳኛው በጨለማ ይፈርድ ነበር ማለት ነው። ካርቡራቶር ባላት አሮጌ መኪና ላይ የታፈነ የአየር ፊልትሮ መለወጥ ከ2 እስከ 6 ከመቶ ያህል ጥቅም ሊሰጥ እንደሚችል ተመዝኗል፤ ኮምፒዩተር ባላት መኪና ግን የታፈነ ፊልትሮ የሚቀንሰው ኃይልን ነው እንጂ ቤንዚኑን ብዙ አያበላም። የዋግን አቧራ የሚያውቅ ሰው ፊልትሮ ከዓመት ወደ ዓመት የማይነካ ዕቃ እንዳልሆነ ሊነገረው አይገባም። የጎማ ንፋስ ማነስም እንዲሁ ቀስ እያለ የሚበላ ሌባ ነው።

ስለ ቤንዚኑ ራሱ ምን እንበል? ማደያ በራቀበትና ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ሰው በጀሪካንና በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጠውን ይገዛል። ይህ ነዳጅ ላምባ ወይም ውሃ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ላምባ የገባበት ቤንዚን ሞተሩን ያንኳኳል፥ ያጨሳልም፤ ውሃ የገባበትም መኪናውን በመንገድ ያቆማል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከነቤንዚኗ ብዙ ወር ቆማ የከረመች መኪናም ብትሆን፥ ቤንዚን ሲቈይ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋልና መርጫዋና የቤንዚን ፊልትሮዋ ተመርምረው እንደ ሆነ ባለቤቱ ያረጋግጥ። ለእነዚህ ሕመሞች ሁሉ ሣጥኑ አይረዳም፤ ይልቁንም ሕመሙን ይሸፍነዋል።

በሻጩ ቃል ያልረካ ሰው ራሱ ይመዝን። በአዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ያህል ነበረ፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ፤ ስለዚህ መመዘኑ የሚያሳፍር አይደለም። ሳልባትዮው እስከ አፉ ይሞላ፤ የኪሎ ሜትሩ ቍጥር በመዝገብ ይጻፍ፤ ከኒሯቅ ሰቆጣ ደርሶ ይመለስ፤ በዚያው ስፍራ እንደገና እስከ አፉ ይሞላና የገባው ሊትር ይጻፍ። መሄጃውን ብቻ ወይም መመለሻውን ብቻ መዝኖ መፍረድ አይገባም፤ ሽቅብ የሚበላውና ቍልቍል የሚበላው እጅግ ይለያያልና። አንድ ጊዜም አይበቃም፤ ሰውና ጭነት ሳይለወጥ ሦስት ጊዜ ቢደረግ ይሻላል። ወር እስከ ወር 500 ኪሎ ሜትር የምትሄድና በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የምትበላ መኪና ናት እንበል፤ በወር 50 ሊትር ትበላለች። ሻጩ 10 ከመቶ እቀንሳለሁ ቢልና እውነት ቢሆን እንኳ ትርፉ በወር 5 ሊትር ነው። የሣጥኑ ዋጋ፥ የማስገቢያው የእጅ ዋጋና ወደ ትልቅ ከተማ መመላለሻው በስንት ወር እንደሚመለስ ቤተ ሰቡ ተቀምጦ ያስላው። ጥቅሙ ባዶ ከሆነ ግን ስሌቱ መጨረሻ የለውም።

ሣጥኑ የሚገባቸው ሰዎች የሉም ማለታችን አይደለም። በሞተሩ ላይ ቱርቦ የጨመረ፥ ትልልቅ መርጫ ያስገባ፥ ለእሽቅድምድም የሚያዘጋጅ ሰው ከፋብሪካ የተጻፈው ሠንጠረዥ አይበቃውም፤ ዳኛው ያልተማረው ነገር ገጥሞታልና። እርሱም ቢሆን የሞተርን ኃይል የሚመዝን ማሽንና የድብልቁን ልክ በቍጥር የሚያሳይ የኦክሲጅን መለኪያ ከሌለው በጆሮና በግምት የሚያስተካክለው ሁሉ ቍማር ነው። ይህም ሲሆን ምስክር ከሚያታልል ሣጥን ይልቅ የኮምፒዩተሩን ሠንጠረዥ ራሱን በዐዋቂ ማስጻፍ ይሻላል፤ ያን ጊዜ የቤንዚኑ ልክና የእሳቱ ቅጽበት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይስተካከላሉ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የታወቀ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ በሰቆጣም በጅቡቲም ጕልበቱ ያው ነው፤ ወደ ተከዜ ሲወርድም ኃይሉን በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው የሚሞላበት መብራት በየመንገዱ እስኪገኝ ድረስ ግን ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ረጅም ዕድሜ ሊኖሩልን ይገባል፤ ሞተራቸውን በከንቱ የምናቃጥልበት ጊዜ አይደለም።

ጠያቂያችን እንግዲህ መኪናዪቱን በመጀመሪያ የስሕተት ማንበቢያ ወዳለው ጋራዥ ይውሰዷት፤ የኦክሲጅን ሴንሰሩ መሥራቱን ያስጠይቁ። ካንዴላዎቹን አስወጥተው ይዩአቸው፤ ጫፋቸው ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደኅና ነው፤ ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚን ይበዛል፤ ነጭ ሆኖ የተለበለበ ከሆነ ያንሳል። የአየሩንና የቤንዚኑን ፊልትሮ ይለውጡ፤ ለጎማው በመኪናው በር ላይ የተጻፈውን ያህል ንፋስ ያስሞሉ። ልጃቸው የመኪና ነገር የሚወድ ስለ ሆነ መዝገቡን እርሱ ይያዝላቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎ በዳገቱ ላይ የሚቀረው ድካም የአየሩ ነው። ለርሱም ሾፌሩ መኪናዪቱ እስክትንቀጠቀጥ ሳይጠብቅ ዳገቱ ሲጀምር ማርሹን አስቀድሞ ይቀንስ፤ የሙቀት መቍጠሪያውን እያየ ይንዳ፤ በጣራዋ ላይ ያለ ሥራ የሚጓዘውንም ዕቃ ያውርድላት።